ዓርብ ደርሶ ሰኞ የወጣው መልእክት

ጡረታ ለመውጣት አንድ ሳምንት ሲቀረኝ ዓይሻ ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ቦታዬን የምትረከበው እሷ ናት። እዚሁ ሰመራ የተማረች የአፋር ልጅ ናት። ኪቦርድ ላይ ጣቷን ዓይን አይከተለውም፤ እኔ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላም በሁለት ጣት ነው የምጽፈው። የማስረክባት ነገር ብዙ አልነበረም። አንድ አሮጌ ሰርቨር፣ አንድ የቁልፍ ማሰሪያ፣ ደግሞ እኛ «መድረኩ» የምንለው የኢሜይል መወያያችን ከነማኅደሩ። ከመጀመሪያው መልእክት ጀምሬ አንድ በአንድ እያሳየኋት ሳለ አንድ ገጽ ላይ ቆመች። አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

«ጋሼ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይቺን ገጽ ላጥፋት እንዴ? ስምዎ እኮ አለበት። ማንም ሰው ከፍቶ ያነበዋል።»

«ተያት።»

«ለእርስዎ ጥሩ አይደለም ብዬ ነው።»

«ጥሩ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያስቀመጥኳት።»

ዓይሻ ትከሻዋን ነቀነቀችና ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈች፤ ልቧ ግን እዚያው እንደቀረ ታስታውቅ ነበር። ይህን ገጽ አጥፋ ስባል የመጀመሪያዬ አልነበረም። ገጹ ላይ ያለው ነገር በሥራ ዘመኔ ከሠራሁት ስህተት ሁሉ ትልቁ ነው። ስለ ሥራዬ ልናገር ካልኩ እሱን ዘልዬ ማውራት አልችልም፤ ግን ከመነሻው ካልጀመርኩ ደግሞ ለማንም አይገባም።

ሥራ የጀመርኩት ደርግ ከወደቀ በኋላ አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው። የደብረ ሲና ብርድ ያሳደገኝ ሰው፣ ሹራቤን እንደለበስኩ ከአውቶቡስ ስወርድ የአዋሽ ሙቀት ፊቴን በጥፊ አጮለኝ። የተመደብኩት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነበር። ደመወዙን አታንሱብኝ። መዝገብ ቤቱ ከባቡር ሐዲዱ ብዙም ስለማይርቅ ባቡር ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ይንቀጠቀጣል፤ አቧራው ፋይሎቹ ላይ ይወርዳል፤ እኛም እንደገና እንወለውላለን።

አለቃዬ ጋሽ ወርቅነህ ይባላሉ። እኔን ሰው ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው። ቀጭን፣ ቆፍጣና፣ ሲያስቡ ጢማቸውን የሚያሹ ሰው ነበሩ። ፋይል ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ፤ እኔም ካልታጠብኩ «ምን ነካህ፣ ቁርስህን ልታስነብበን ነው?» ይሉኛል። እያንዳንዱን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ያነባሉ። መጀመሪያ ለማን እንደተጻፈ ለማወቅ፣ ሁለተኛ ማን እንደጻፈውና ምን እንዳስጨነቀው ለማወቅ። መልስ የተሰጠበት ደብዳቤ ከመልሱ ጋር በአንድ ክር ይታሰራል፤ መልሱ ላይ ሌላ ጥያቄ ከመጣ እሱም እዚያው ላይ ይታከላል። አሥር ዓመት ያለፈው ፋይል ሲከፈት ሰዎቹ ተቀምጠው የሚያወሩ ያህል ነገሩ ከሥር ከመሠረቱ ይነበባል።

ሁለት ነገር ደግሞ በጣም አጥብቀው አስተምረውኛል። አንደኛው፣ ፊርማ የሌለው ወረቀት ከዚህ በር አያልፍም የሚል ነው። ተመልሶ «ስምዎንና አድራሻዎን ይግለጹ» ተብሎ ይጻፍበታል። ሁለተኛው ቀዩ እርሳስ ነው። በመዝገብ ቤቱ ጥፋት የዘገየ ደብዳቤ ሲገኝ ጋሽ ወርቅነህ ከኪሳቸው ቀይ እርሳስ አውጥተው ኅዳጉ ላይ «በእኔ ዘገየ» ብለው ይጽፉና ይፈርማሉ። አንዴ የአንድ አስተማሪ የዝውውር ማመልከቻ እኔ በስህተት ሌላ ፋይል ውስጥ ከትቼው ጊዜው አለፈበት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እሳቸው ግን በራሳቸው ስም ጽፈው ኃላፊው ዘንድ ራሳቸው ይዘውት ገቡ። ሲመለሱ ፊታቸው ቀልቷል።

«ጋሼ፣ ለምን ራስዎን ያስጠይቃሉ? ዝም ቢሉ ማን ያውቃል?» አልኳቸው።

«ነገ ይህን ፋይል የሚከፍት ሰው አስተማሪው ዘግይቶ ያመለከተ ይመስለዋል» አሉኝ እርሳሳቸውን እየቀረጹ። «ጥፋት ባለቤቱ ካልወሰደው ሜዳ ላይ አይቀርም፤ ሄዶ የማያውቀው ሰው ላይ ይቀመጣል። ሁለተኛ ደግሞ ፋይሉን አስተውለህ ክተት።»

ከአዋሽ ወደ ሰመራ የተዛወርኩት የአፋር ክልል መቀመጫውን ወደዚያ ሲያዞር ነው። ያኔ ሰመራ ከተማ አትባልም ነበር፤ አስፋልት፣ ነፋስና የመሥሪያ ቤት ሕንፃ ነበረች። ሰው ለመሸመት ሎግያ ይወርዳል። ምድቤ የወረዳዎችን መረጃ መቀበልና ማስተላለፍ ነበር፤ የት ዝናብ ጠፋ፣ የት የከብት በሽታ ገባ፣ አዋሽ የት ሞላ። ወሬው በሬዲዮም ይመጣል፣ በሹፌር በተላከ ደብዳቤም ይመጣል፤ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል።

አንድ ቀን ለሥልጠና ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ አንድ ሲዲ ሰጠኝና «ይህ የናንተን ችግር ይፈታል» አለኝ። አንድ የኢሜይል አድራሻ ይፈጠራል፤ ወደዚያ አድራሻ አንድ ሰው የጻፈው ለተመዘገበው ሁሉ ይደርሳል፤ ማሽኑ ደግሞ የእያንዳንዱን መልእክት ግልባጭ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ያስቀምጣል፤ መልሱን ከጥያቄው ሥር ያስገባል፤ ማንም ከፍቶ እንዲያነበውም ለሕዝብ ያወጣዋል።

«ስንት ነው?» አልኩት።

«ነፃ ነው።»

«ስንት ጊዜ ነፃ ነው?»

«ሁልጊዜ። የውስጡ ጽሑፍም ክፍት ነው። ሲበላሽብህ ከፍተህ ታያለህ፤ ከቻልክ ትጠግነዋለህ፤ የጠገንከውን ደግሞ ለሌላው ትሰጣለህ።»

እኔ መቼም ተጠራጣሪ ነኝ፤ ሰውየው ከሄደ በኋላ አንድ ወር ሙሉ ተንኮሉን ፈለግኩ። የለም። ሥራ አስጀምሬው የመጀመሪያዎቹ ደብዳቤዎች ከነመልሳቸው ተደርድረው ስክሪኑ ላይ ሳያቸው ግን ሳቄ መጣ። ጋሽ ወርቅነህ ነበሩ! እጃቸውን ታጥበው፣ ክራቸውን ይዘው፣ ሳጥን ውስጥ ገብተው ቁጭ ብለዋል።

ሰርቨሩን ያስቀመጥነው በመሥሪያ ቤቱ ጠባቧ ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ ላይ እርጥብ ጆንያ ሰቅለን ነው። መብራት ሲሄድ ባትሪው ለሩብ ሰዓት ይይዘዋል፤ ያንን ሩብ ሰዓት እኔ ማሽኑን በሰላም ለማጥፋት ከምሳ ላይ ተነስቼ እሮጣለሁ። መጀመሪያ ሰሞን የአማርኛው ፊደል ማኅደሩ ውስጥ ሲገባ ሁሉም የጥያቄ ምልክት ይሆን ነበር። «በገዋኔ ወረዳ» ብሎ የጻፈ ሰው ሰባት የጥያቄ ምልክት ይወጣለታል። ይህን ለማስተካከል የውስጡን ጽሑፍ ከፈትኩት። እንግሊዝኛዬ የመዝገብ ቤት እንግሊዝኛ ነው፤ ግን ፋይል ማንበብ እችላለሁ፤ ይህም ፋይል ነው። ለወራት ምሳዬን እየያዝኩ ገባሁና ፊደላችንን የሚያበላሸውን መስመር አገኘሁት። ማስተካከያዬን ለሠሪዎቹ በራሳቸው መድረክ ላይ ላክሁላቸው። ስሙን አስተካክዬ መጥራት የማልችለው አንድ ሰው «አመሰግናለሁ፣ ተቀብለነዋል» ብሎ መለሰልኝ። ያን ቀን ቤቴ ስገባ ባለቤቴ «ሹመት አገኘህ እንዴ?» አለችኝ። ይበልጣል አልኳት።

አስቂኝም ነበረበት። አንድ የወረዳ ባለሙያ ፈቃድ ሲወጣ «ፈቃድ ላይ ነኝ» የሚል መልስ በራሱ እንዲሄድ አድርጎ ሄደ። መልሱ ወደ መድረኩ ይመጣል፣ መድረኩ ለሁሉም ይልካል፣ ለእሱም ይልካል፣ የእሱ ሳጥን እንደገና ፈቃድ ላይ ነኝ ይላል። ጠዋት ስንገባ የክልሉ ሠራተኛ ሳጥን በሙሉ በሰውየው ፈቃድ ተሞልቶ ጠበቀን። እስከ ዛሬ ድረስ «አቶ ፈቃድ» ነው የሚባለው።

አሁን ሁመድ ይምጣ። ሁመድ አዳይቱ የሚሠራ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበር። ረጅም ነው፣ ሲናገር አይቸኩልም፣ አማርኛው ውስጥ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለም፤ ኃላፊውንም እኔንም ጥበቃውንም «አንተ» ነው። በወር አንዴ ሰመራ ሲመጣ ኢሜይሉን ለማንበብ እኔ ቢሮ ይቀመጣል። መድረኩን ባስረዳሁት ቀን ሳይገረም ሰማኝና «ይህ ዳጉ ነው» አለኝ።

ዳጉ የአፋር የወሬ ሥርዓት ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ የቱንም ያህል ቢቸኩሉ፣ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ከማን ሰማህ። በዓይኑ ያየውን አየሁ ይላል፤ የሰማውን ከነነጋሪው ይላል፤ አያጋንንም። የሰማ ሰው ደግሞ ለሚቀጥለው ይነግራል።

«ሰው ወሬ ይዞ ዝም ቢልስ?» አልኩት።

«አይልም» አለኝ።

«ቢልስ?»

«እንዲህ ያለ ሰው ማን ያናግረዋል?» አለና ሻዩን ጠጣ።

ያ ዓርብ ነሐሴ ውስጥ ነበር። ደጋው ሲዘንብ እኛ ጋ አንድ ጠብታ ሳይወርድ አዋሽ ይሞላል። ሁመድ በጠዋት ከአዳይቱ ወጣ ብሎ የታመመ ከብት ሊያይ ሄዶ ወንዙ ዳርቻውን ሰብሮ ሲወጣ አየ። የአዳይቱ ስልክ ተበላሽቷል፤ ሞባይል ገና ከሰመራ አልራቀም። ስለዚህ ያየውን በወረቀት ጽፎ፣ ከታች የመድረኩን አድራሻ አክሎ፣ ወደ ጅቡቲ ለሚወርድ የከባድ መኪና ሹፌር ሰጠው። «ከሁመድ ነው በል» አለው። ስሙን ግን ወረቀቱ ላይ አልጻፈም። በዳጉ ወሬው ከማን እንደሆነ የሚናገረው አምጪው ነው፤ ለምን ይጽፈዋል?

ሹፌር ደግሞ የሚቆምበት የታወቀ ቦታ አለው። የዚህኛው ዲቾቶ ነበር። ሰመራን አልፏት ሄዶ ዲቾቶ ላይ ሰይድ ለሚባል የወሎ ሰው ወረቀቱን ሰጠው፤ «ከሁመድ ነው» ብሎም ነገረው። ሰይድ ሻይ ቤትም ስልክ ቤትም አለው፤ በስልክ መስመር የሚሠራ አንድ ኮምፒውተርም ነበረችው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቃል በቃል ጽፎ በራሱ አድራሻ ላከው።

አሥር ሰዓት ገደማ ማሽኑ «ያልተመዘገበ ሰው መልእክት ልኳል፤ ይለፍ ወይስ ይቆይ?» ብሎ ጠየቀኝ። መድረኩን የማናውቀው ሰው እንዳይረብሸው እንዲህ አድርጌ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። መልእክቱን ከፈትኩት።

«ዛሬ ጠዋት ከአዳይቱ በላይ አዋሽ ሰብሮ ወጥቷል። ቆሜ አይቻለሁ። ሜዳው ላይ ውኃው የግመል ጉልበት ይደርሳል፣ ይጨምራል። ከታች ያላችሁ ከብት ከወንዝ ዳር አንሱ።»

ስም የለውም። ማዕረግ የለውም። ወሬው ከአዳይቱ፣ ላኪው፣ አድራሻው እንደሚለው፣ ከዲቾቶ ሻይ ቤት። ዲቾቶ ተቀምጦ አዳይቱን ማን አየለት? የሹፌሮች ቀልድ መሰለኝ። ደግሞ ፊርማ የሌለው ወረቀት በእኔ በር አያልፍም። «እባክዎ ስምዎንና የሥራ ድርሻዎን ገልጸው እንደገና ይላኩ» ብዬ ጻፍኩለት፤ ዓረፍተ ነገሩም ደስ አለኝ። ቢሮዬን ቆልፌ ቤቴ ሄድኩ። ቅዳሜ ልብሴን አጠብኩ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳምኩ። ምን ይዋጠኝ፤ እንዲህ ነው የሆነው።

ሰኞ ጠዋት የሰይድ መልስ ይጠብቀኝ ነበር። እሑድ ነው የላከው። «ስሜ ሰይድ ነው። የሥራ ድርሻዬ ሻይ ነው። ወሬው የሁመድ ነው፣ ሹፌሩ በአፉ ነግሮኛል። ወላሂ አሳልፉት።»

ወዲያው አሳለፍኩት። ውኃው ግን ከእኔ ቀድሞ ቅዳሜ ማታ ከዱብቲ በታች ያሉትን መንደሮች አልፏል። ሰው አልሞተም፤ ሁሉም አልሐምዱሊላህ ይሉ ነበር። ፍየሎቹ ግን በረት ውስጥ እንደተዘጉ አልቀዋል።

ረቡዕ ዕለት ሁመድ መጣ። ቢሮዬ ገብቶ ተቀመጠና እንደ ልማዱ ወሬውን ከመጀመሪያው ጀመረ። ከአዳይቱ መቼ እንደተነሳ፣ መንገድ ላይ ማንን እንዳገኘ፣ ሚሌ ላይ ሣሩ እንዴት እንደሆነ። ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ። የእናቱ መንደር እዚያው ከወንዙ ዳር እንደሆነ፣ የእናቱ የመዲና ፍየሎች አንድም ሳይቀሩ እንዳለቁ፣ የጎረቤቶቿም እንደዚያው እንደሆነ፣ ልክ ስለ ሣሩ በነገረኝ ድምፅ ነገረኝ። ከዚያ ጠየቀኝ።

«ወሬዬ መቼ ደረሰህ?»

«ዓርብ፣ አሥር ሰዓት።»

«መቼ ወጣ?»

«ሰኞ ጠዋት።»

ጣቶቹን አጠፈ። «ሦስት ሌሊት አንተ ጋ አደረ» አለኝ። ውኃ ስጠኝ አለ፣ ጠጣ፣ ወጣ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ኃላፊው አስጠራኝ። መድረኩ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው፤ መልእክቱ ከዲቾቶ የተላከበት ሰዓትና እኛ ያሳለፍንበት ሰዓት ጎን ለጎን ይታያል።

«ገጹን አንሳው» አለኝ። «ማንሳት ካልቻልክ ሰዓቱን አስተካክለው። ትችላለህ አይደል?»

እችላለሁ። ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ ውስጡን አውቀዋለሁ። ሰዓቱ የተጻፈው በአንድ ፋይል ውስጥ በአንድ መስመር ነው፤ ሁለት ቃል ብለውጥ ዓርብ ሰኞ ይሆናል። ፋይሉን ከፍቼ እዚያ መስመር ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። ልጆቼን አሰብኩ። ከሥራ መባረርን አሰብኩ። ከዚያ ጋሽ ወርቅነህ እጃቸውን ታጥበው ሲመጡ ታየኝና ፋይሉን ሳልነካ ዘጋሁት። በመድረኩ ላይ፣ ከሁመድ መልእክት ሥር፣ መልስ ሆኖ እንዲታሰር አድርጌ ይህን ጻፍኩ። «ይህ የአዳይቱ የሁመድ መልእክት ዓርብ አሥር ሰዓት ደርሶኛል። እስከ ሰኞ የዘገየው በእኔ ነው። ገዛኸኝ።»

ኃላፊው ለወራት ሰላምታ ነፈገኝ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ተሰጠኝ፤ ቁጥር ሰጥቼ ራሴ ፋይሌ ውስጥ ከተትኩት። እዳዬን የከፈልኩ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከሁመድ ጋር ተቀምጠን መድረኩን እንደገና ሠራነው። እሱ ሥርዓቱን ነገረኝ፣ እኔ ወደ ኮድ አገባሁት። ማንኛውም መልእክት «አየሁ» ወይም «ሰማሁ» ብሎ ይጀምራል። «አየሁ» ያለ፣ የተመዘገበም ይሁን ያልተመዘገበ፣ ማሽኑ ሳይጠይቀኝ ወዲያው ያሳልፈዋል። «ሰማሁ» ያለ ከማን እንደሰማ ይጽፋል። ማጣራት ካሳለፉ በኋላ ነው። የተረበሽነው ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ያተረፍነው ከብት ግን ብዙ ነው። ዲቾቶ ያለው ሰይድም ተመዝግቦ የመድረኩ ትጉ አባል ሆነ፤ ከስሙ ሥር «የሥራ ድርሻ፦ ሻይ» ብሎ ይፈርማል፣ ያላግጥብኛል።

ሁመድና እኔ ወዳጆች ሆንን። ቂም የሚባል አላየሁበትም። ለዒድ እናቱ ጋ መሄዱን ትቶ እኔ ቤት መዋል ጀመረ። ባለቤቴ ሥጋውን ከሙስሊም ሥጋ ቤት ታስመጣለች፣ ሁመድ ለልጆቼ ቴምር ይዞ ይመጣል። እንዴት ደስ ይለኝ ነበር። ፍቅር ነው ብዬ።

ዓይሻ ርክክቡን ልንጨርስ ስንል ወደዚያ ገጽ ተመለሰች።

«ጋሼ፣ ይህ ሁመድ የመዲና ልጅ ነው?»

«ታውቂዋለሽ?»

«የእኛ መንደር ሰው ነው።» ስክሪኑን ትታ ወደ እኔ ዞረች። «እኛ ጋ ‹ወሬ ያሳደረው› ነው የሚሉት።»

«ማን? ሁመድ? እሱማ ልኳል፤ እዚህ ተጽፎ የለም እንዴ?»

«እሱም ልኬያለሁ ብሏቸዋል። ማን ያምነዋል? የተላከ ወሬ ይደርሳል፤ እኛ ጋ እንዲያ ነው። ውኃውን አይቶ ለእናቱ እንኳን ያልነገረ ይሉታል። ሲመጣ እናቱ አትጣላውም፤ ትቀበለዋለች፣ ወተት ትሰጠዋለች። ወሬ ግን አትጠይቀውም። ለዚህ ነው መምጣት የተወው።»

ለዒድ ለምን እኔ ቤት እንደሚውል ያን ጊዜ ገባኝ።

«ለምን ለእኔ አልነገረኝም? አንድ ቃል ቢለኝ እሄድ አልነበረም?»

«እሱ ቢልክዎት የእሱ ወሬ ይሆናል፤ አማላጅ ላከ ይባላል። የራስዎን ወሬ የሚያመጡት እርስዎ ነዎት።»

«ጽፌዋለሁ እኮ፣ ዓይሻ። ለዓለም ሁሉ ክፍት አድርጌ ጽፌዋለሁ።»

«አዎ፣ አንብቤዋለሁ» አለች በትሕትና። «እማማ መዲና ግን አታነብም።»

ሽኝቱ ዓርብ ነበር። የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ፣ ንግግር ተደረገ፣ የሰማሁት የለም። ቅዳሜ ማለዳ ከዓይሻ ጋር በሚኒባስ ተነሳን። ገጹን አትሜ ኪሴ ከትቼዋለሁ፤ መዝገብ ቤት ያደገ ሰው ያለ ወረቀት አይሄድም። ከሚኒባስ ወርደን ባጃጅ ያዝን፣ ባጃጁ ሲያቅተው በእግራችን ሄድን።

እማማ መዲና ከዳሷ ጥላ ሥር ተቀምጣ አገኘናት። አጭር፣ ዓይነ ብርቱ ባልቴት ናት። ዓይሻ ከጎኗ ተቀምጣ ታስተረጉምልኛለች። ወረቀቱን ላወጣ እጄን ኪሴ ከተትኩና ተውኩት። ሁመድ ለዓመታት እንዳስተማረኝ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ከሰመራ ጠዋት እንደተነሳሁ፣ መንገድ ላይ ማንን እንዳገኘን፣ ወንዙ ዛሬ ምን ያህል እንደሆነ። እየሰማች ራሷን ትነቀንቃለች። ከዚያ ወደዚያ ዓርብ ደረስኩ።

«ልጅዎ ውኃውን ባየበት ቀን ልኳል» አልኳት። «ዓርብ አሥር ሰዓት እኔ እጅ ገብቷል። ስም የለውም ብዬ ያዝኩት። ሦስት ሌሊት ያሳደርኩት እኔ ነኝ። ሁመድ አይደለም። ይህን የምለው ከማንም ሰምቼ አይደለም።»

ዓይሻ አስተረጎመች። ባልቴቷ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ዓይኔን ብሰብር ደስ ባለኝ፤ አልሰበርኩም።

«‹ለምን ዛሬ?› ብላለች» አለችኝ ዓይሻ።

«ጽፌው ነበር። መጻፍ የበቃ መስሎኝ ነበር። መምጣት እንዳለብኝ ያወቅኩት በዚህ ሳምንት ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

እማማ መዲና ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳችና፣ በትሯን ይዛ ወደ መንገዱ ወጣች። ግመል የሚነዳ ሰው እያለፈ ነበር። ጠራችው። ሰውየው ግመሎቹን ትቶ መጣ፤ ሁለቱም ከግራር ሥር ቁጭ አሉ። ስታወራው፣ እጇን ወደ እኔ ስትጠቁም፣ ሰውየውም ዞሮ እኔን ሲያይ አየሁ። ዓይሻ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «ስለ ሁመድ ነው የምትነግረው» አለችኝ። ሰውየው ተነስቶ ወደ አስፋልቱ አቅጣጫ ሄደ። ባልቴቷ ተመልሳ መጣችና ወተት አመጣችልን። ለእኔም ሰጠችኝ።

ከዚያ ወዲህ ዓይሻ ማኅደሩን ወደ አዲሱ ማሽን አሻግራዋለች፤ መሥሪያ ቤቱ አሁን በስልክ ግሩፕ ነው የሚጻጻፈው፤ ማኅደሩ ግን አልተዘጋም፤ ያቺም ገጽ አለች። ከእኔ መልስ ሥር ዓይሻ አንድ ነገር ጨምራበታለች፤ «አየሁ» ብላ ትጀምርና የዚያን ቅዳሜ ነገር ትጽፋለች።

ያን ቅዳሜ ወደ ሰመራ ስንመለስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሎግያን እንዳለፍን ስልኬ ጮኸ። ሁመድ ነው፣ ከአዳይቱ።

«ገዛኸኝ» አለኝ። «ወሬህ ደረሰኝ።»

«ከማን ሰማህ?»

«ከሹፌር። ሹፌሩ ሚሌ ላይ ነዳጅ ከሚቀዳ ሰው ሰማ። እሱ ከዱብቲ ሰማ። የዱብቲው ከባለ ግመሉ ሰማ። ባለ ግመሉ ከእናቴ።» ድምፁ ትንሽ ተቆረጠብኝ፤ ስልኩ ይሁን እሱ አላወቅኩም። «አሁን ደግሞ ራሷ ደወለች። ወሬ ጠየቀችኝ።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ያየኛል።

«ትሰማኛለህ?» አለኝ ሁመድ። «ዛሬ ነው የሄድከው፣ ዛሬ ነው የደረሰው። አላደረም።»